ጭን ሲላላጥ፣ የልጅ ቂጥ ሲቀላ፣ ብብት ሲለበልብ፦ የቅባት ቱቦ ከመግዛታችሁ በፊት

ፋርማሲ የሚሰራ ሰው በየቀኑ የምትመጣለት ጥያቄ አለች፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የምትጠየቅ። "የሚያሳክክ ነገር ወጥቶብኝ ነበር፣ ቅባት ምን አላችሁ?" የት እንደወጣበት ጠያቂው አይናገርም ያፍራል፣ ሻጩም ወረፋ ስላለ አይጠይቅም፣ ከመደርደሪያው አንድ ቱቦ ይወርድና ይሸጣል በቃ። ችግሩ የሚጀምረው እዛ ጋ ነው። ጭን ለጭን ተፋትጎ የተላጠ ቆዳና ብሽሽት ላይ የወጣ ፈንገስ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ መድሃኒታቸው ግን አይገናኝም፣ እንደውም ላንዱ የሚበጀው ሌላውን ያባብሰዋል። ስለዚ ከህፃን እስከ ሽማግሌ እንዴት እንደሚለይ፣ ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ፣ መቼ ደሞ ቅባቱን ትቶ ሐኪም ጋ መሄድ እንደሚሻል እጽፋለሁ። ነውር የሚመስል ቃል ካጋጠማችሁ ይቅርታ፣ ቂጥ ሳይሉ ስለ ዳይፐር ማውራት አይቻልም።

መጀመሪያ ለምን እንደሚላላጥ

መፋተግና እርጥበት ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ። ደረቅ ቆዳ ትንሽ ቢፋተግ ብዙም አይሆንም። ሲርስ ግን የላይኛው ሽፋን ይለሰልሳል፣ ያኔ እርስ በርሱ ወይ ከልብስ ስፌት ጋ ሲፋተግ ይገፈፋል። ላብ ደሞ ሲደርቅ ጨው ትቶ ነው የሚሄደው፣ እሱ ጨው ቆዳው ላይ እንደ አሸዋ ይፍቃል፣ ለዛ ነው ብዙ ሰው እየሮጠ ሳይሆን ላቡ ደርቆበት ወደ ቤት ሲመለስ ማቃጠሉ የሚብስበት። መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዛ ይለበልባል፣ ዝም ካሉት ውሃ መሳይ ነገር ይወጣዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ኢንተርኔት ላይ ያሉት ፎቶዎች አብዛኞቹ የፈረንጅ ቆዳ ናቸው። "ቀይ ሽፍታ" ሲሉ እኛ ላይ ቀይ ላይሆን ይችላል፣ ጠይም ወይ ጥቁር ቆዳ ላይ የተቆጣ ቦታ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ፣ አንዳንዴ ግራጫ ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚ በቀለም ብቻ አትፍረዱ፣ በእጃችሁ ጀርባ ነክታችሁ ይሞቃል ወይ፣ አብጧል ወይ፣ ሻካራ ሆኗል ወይ፣ ሲነካ ያማል ወይ በሉ። ከዳነ በኋላም ጥቁር ምልክት ትቶ ለወራት ይቆያል፣ ይሄ በሽታው አልለቀቀም ማለት አይደለም፣ ቀስ ብሎ በራሱ ይለቃል። እሱን ጥቁረት ለማንሳት ማቅያ ክሬም መቀባት ግን ሌላ ጣጣ መግዛት ነው።

ለተላጠ ጭን፣ ብብት፣ ብሽሽት

ዛሬ ለተላጠበት ሰው ልጀምር። ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ ሳሙና ካስፈለገ ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና በትንሹ፣ ከዛ በንፁህ ፎጣ ጫን ጫን እያላችሁ ውሃውን አንሱት እንጂ አትፈግፍጉት። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ትንሽ አየር አስመቱት። ከዛ ቫዝሊን ደህና አድርጋችሁ ቀቡና ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ልበሱ። አልኮል፣ ሽቶ፣ ዲዮድራንት፣ የጥርስ ሳሙና፣ ጨው፣ እነዚህን ከተላጠ ቆዳ አርቁ፣ "ያቃጠለ ነገር ያድናል" የሚባለው እዚህ ጋ አይሰራም፣ ቁስሉን ነው የሚያሰፋው። በቀን ሁለቴ እንዲህ እያደረጋችሁ አንድ ሁለት ቀን መፋተጉን ከቀነሳችሁ በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ቆዳው ይገጥማል። ካልገጠመ ምናልባት መላላጥ ብቻ አይደለም፣ ወደታች እመጣበታለሁ።

መከላከሉ ላይ ግን ብዙ የሚባል ነገር አለ። ቀሚስ የሚለብሱ ሴቶች፣ በተለይ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው ሰርግ ወይ ጥምቀት ላይ ሲዞሩ የሚውሉ፣ ከስር እስከ ጉልበት የሚደርስ ቀጭን ታይት መልበስ ከሁሉም ቅባት ይበልጣል ባይ ነኝ፣ ጭንና ጭን ካልተነካኩ የሚላጥ ነገር የለም። ታይት የማይመቻት የውስጠኛ ጭኗን ከመውጣቷ በፊት ቫዝሊን ትቀባ፣ መሃል ላይ ደሞ አንዴ ትደግም፣ ቫዝሊን ሰዓታት ሲቆጠሩ ይለቃል፣ ልብስም ያቀባል እንግዲህ ምን ይደረግ። ቀጭን ሰው አይላላጥም የሚባለው ደሞ ውሸት ነው፣ ቀጭን ሯጭ ሁሉ ይላላጣል።

ሯጭ ካልኩ አይቀር፣ ጥጥ ለየቀኑ ልብስ ምርጥ ነው ለረጅም ሩጫ ግን አይሆንም። ጥጥ ላብ ይጠጣና አይለቅም፣ ከባድና እርጥብ ሆኖ ይፈገፍጋል። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ህዳር አካባቢ ሲካሄድ በመቶ ብር ካልሲ በአዲስ ጫማ የሚወጣው ህዝብ ብዙ ነው፣ 10 ኪሎ ሜትር ቀላል ይመስላል ግን ያልለመደ ሰው ጨፍሮም ተራምዶም ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል፣ የጡት ጫፍ እስኪደማ የሚላጥበት ወንድ አለ። ለሱ መድሃኒቱ ቀላል ነው፣ ከመውጣታችሁ በፊት ጡት ጫፍ ላይ ፕላስተር ለጥፉ ወይ ቫዝሊን ቀቡ፣ ብብት ስር፣ ጭን መሃል፣ ቁምጣው ወገብ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ላይም እንደዛው። አዲስ ልብስና አዲስ ጫማ በሩጫው ቀን አይመረቅም፣ ቀድሞ ለመድ ለመድ ይደረጋል። ስትጨርሱ ደሞ እርጥብ ልብሱን ለብሳችሁ ማኪያቶ እየጠጣችሁ አትቀመጡ፣ ቀይሩ።

በእግር ጉዞ ለሚሄዱትም እንደዛው ነው። ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል፣ መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚጓዘው ሰው ስለት አለበት፣ መንገዱን አቁም አይባልም፣ ስለዚ ቫዝሊን በትንሽ ዕቃ፣ ሁለት ቅያሪ ካልሲ፣ ፕላስተርና አንድ ቅያሪ ውስጥ ልብስ ይያዝ። ተረከዝ ላይ ሲሞቃችሁ ያኔውኑ ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ፣ ውሃ ቋጥሮ ከመጣ በኋላ ዘግይቷል። የቋጠረውን አታፍርጡት ቆዳው ራሱ መሸፈኛ ነው፣ ከፈረጠ ግን ቆዳውን ሳትገነጥሉ አጥባችሁ ሸፍኑት።

ሐጅና ዑምራ የሚሄዱ ወንዶችን ደሞ ይሄ ነገር በጣም ያስቸግራል፣ ኢህራም ያልተሰፋ ሁለት ጨርቅ ነው፣ ከስር ውስጥ ልብስ የለም፣ የመካ ሙቀት አለ፣ ጠዋፍ ማለትም ካዕባን መዞር 7 ዙር፣ ከዛ በሰፋና በመርዋ ኮረብታዎች መሃል 7 ጊዜ፣ ይሄኛው ብቻውን 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን ጭኑ ተልጦ ቀሪውን ቀን እያነከሰ ነው የሚጨርሰው። ኢህራም ላይ ሽቶ ስለማይፈቀድ ምንም ሽታ የሌለውን ቫዝሊን ከዚሁ ገዝታችሁ ያዙ፣ "ቤቢ" የሚል የተጻፈበት አብዛኛው ሽታ አለው፣ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትታችሁ ግዙ። ቀጭን ቅባት ሳይሆን ደህና አድርጋችሁ ጭን መሃል ቀቡ፣ በየማረፊያው ድገሙ፣ የጨርቁ አይነት ደሞ ፎጣ መሰሉ ወፍራሙ ላብ ስለሚይዝ የሚደርቀውን ሳሳ ያለ ግን የማያሳይ ምረጡ። ሌላ የሚያጠራጥር ነገር ካለ ኡስታዛችሁን መጠየቅ ነው።

ጅዳ፣ ዱባይ፣ ኩዌት ቤት ውስጥ ለሚሰሩ እህቶች፣ ኤሲ የሌለበት ኩሽና ውስጥ ሙሉ ቀን ቆሞ መዋል ጡት ስርና ብብት ያላልጣል። ማታ ታጥባችሁ በደንብ አድርቃችሁ ተኙ፣ ናይለን ውስጥ ልብስ ይቅር፣ በረኪና ስትነኩበት የዋላችሁበትን እጅ ሳትታጠቡ ሰውነታችሁን አትከኩ።

ፈንገስ ሲሆን

አሁን ዋናው መለያ ቦታ ደርሰናል። መላላጥ የሚመጣው ከተራመዳችሁ ወይ ካላባችሁ በኋላ ነው፣ ሁለቱም ጭን ላይ የሚነካካው ቦታ ብቻ ነው የሚሆነው፣ ከማሳከክ ይልቅ ማቃጠል ይበዛዋል፣ እረፍት ሲያገኝ ይሻለዋል። ጭርት ማለትም ብሽሽት ላይ የሚወጣው ፈንገስ ግን ያሳክካል፣ በተለይ ማታ፣ ጠርዙ ከፍ ያለና የሚቀረፍ ነው፣ ከጠርዙ ወደ ውጪ እየሰፋ መሃሉ እየጠራ ይሄዳል፣ ወንዶች ላይ ቆለጥን ብዙ ጊዜ አይነካም። ካንዲዳ የሚባለው ደሞ እጥፋት ይወዳል፣ ጡት ስር፣ ሆድ እጥፋት ስር፣ የህፃን ብሽሽት፣ እርጥብና የተገፈፈ የሚመስል ሆኖ ከዋናው ወጣ ብለው ትንንሽ ነጠብጣቦች ይበተናሉ። ነጠብጣቦቹን ካያችሁ ካንዲዳን ጠርጥሩ።

ለሁለቱም ክሎትሪማዞል 1% ወይ ሚኮናዞል 2% ክሬም ይሰራል፣ ታጥቦ ደርቆ በቀን ሁለቴ በስሱ፣ ከጠርዙ ሁለት ጣት ያህል አልፎ ይቀባል። ኒስታቲን ለካንዲዳ እንጂ ለጭርት አይሆንም። ሰዉ የሚሸወደው ጊዜው ላይ ነው፣ በአራተኛው ቀን ማሳከኩ ሲተው ቱቦውን ይጥለዋል፣ በወሩ ተመልሶ ይመጣል፣ ከዛ "ይሄ መድሃኒት አይሰራም" ይላል። ጭርት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፣ ዓይን ላይ ከጠፋ በኋላም አንድ ሳምንት ያህል መቀጠል አለበት። እግራችሁ ጣት መሃልም እዩ፣ እዛ ነጭ ሆኖ የሚቀረፍ ካለ የብሽሽቱ ምንጭ እሱ ሊሆን ይችላል፣ ፓንት ስትለብሱ በእግራችሁ በኩል ስለሚያልፍ ይዞት ይወጣል። ስለዚ እግሩም አብሮ ይታከም፣ እስኪድን ደሞ ካልሲ ከፓንት በፊት ይለበስ፣ ያስቃል ግን ይሰራል። ፎጣ ለየብቻ።

አሁን የምናደድበት ነገር። ቤታሜታዞን፣ ክሎትሪማዞልና ጄንታሚሲን አንድ ላይ የተቀላቀሉበት ክሬም በየፋርማሲው አለ፣ "ሁሉንም ይገላል" ተብሎ ይሸጣል። ቤታሜታዞን ጠንካራ ስቴሮይድ ነው፣ የቆዳን መቆጣት የሚያፍን መድሃኒት ማለት ነው። ማሳከኩን በሁለት ቀን ያቆመዋል፣ መልኩንም ያጠፋዋል፣ ሰዉ ዳንኩ ይላል፣ ፈንገሱ ግን ስቴሮይዱ የቆዳውን መከላከያ ስላደከመለት ውስጥ ለውስጥ ይሰፋል፣ ሲቆም በእጥፍ ይመጣል፣ በዛ ላይ መልኩ ተቀይሮ ሐኪሙንም ያደናግራል። ብሽሽትና ብብት ቆዳው ስስ ስለሆነ ስቴሮይድ ብዙ ይመጠዋል፣ ከቆየ ቆዳው ይሳሳል፣ የማይጠፋ ሸንተረር ያወጣል። የጎረቤትን ቱቦ መዋዋስም በዚሁ ነው የሚመጣው። ደካማው ሃይድሮኮርቲዞን 1% ለተቆጣ ቆዳ ለጥቂት ቀን ይጠቅማል፣ እሱም ቢሆን ፈንገስ አለመሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ ህፃን ላይ ከሆነ ደሞ ሐኪም ሲያዝ።

ዊትፊልድ የሚባለው ቅባት አለ፣ ድሮ ጀምሮ ለጭርት የምናውቀው፣ ለእግር መዳፍ ወፍራም ቆዳ ጥሩ ነው፣ ውስጡ ቤንዞይክና ሳሊሲሊክ አሲድ ስላለ ብሽሽትና ብብት ላይ ግን ያቃጥላል። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ማሰርና ፌጦ መለጠፍ ደሞ እባካችሁ ይቅር፣ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ታስሮ ሲያድር ልክ እሳት እንደነካው ውሃ ያቋጥራል፣ በጭርት የመጣው ሰው በቃጠሎ ይሄዳል።

እጥፋት ላይ ፈንገስ እየዳነ እየዳነ የሚመለስበት ሰው፣ በተለይ ውሃ ጥም የሚበዛበትና ሽንት የሚያመላልሰው፣ ስኳሩን ይለካ። ብዙ ሰው ስኳር እንዳለበት ያወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ህፃናት

የዳይፐር ሽፍታ ሲመጣ እናት ራሷን ትወቅሳለች፣ አማት ደሞ ታግዛታለች። ዳይፐር የሚያረግ ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል አንዴ ያገኘዋል። ምክንያቱ ሽንቱና ካካው አንድ ላይ ሲቆዩ ነው፣ ሽንቱ የቆዳውን አሲድ ያዛባል፣ ያኔ ካካው ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ቆዳውን ይበሉታል፣ ለዛ ነው ተቅማጥ ሲይዘው በአንድ ቀን ቂጡ የሚላጠው።

አሁንም ቦታውን እዩ። ቂጡ ጉብታ ላይ፣ ጭኑ ላይ፣ ሆዱ ስር ሆኖ እጥፋቱ ውስጥ ንፁህ ከሆነ ከእርጥበት የመጣ ነው። እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ነጠብጣብ ካለው፣ ወይ አንቲባዮቲክ ከጨረሰ በኋላ ከመጣ፣ ወይ በደንብ ይዛችሁትም ከሦስት ቀን በላይ ካለፈው ካንዲዳን ጠርጥሩ፣ አፉንም ከፍታችሁ እዩ ምላሱና ጉንጩ ላይ የማይጠረግ ነጭ ነገር ካለ አንድ ላይ ይታከማል።

ለመጀመሪያው አይነት፣ ትንሹን ልጅ በየ2 እና 3 ሰዓቱ መቀየር፣ ካካ ካለ ወዲያው። ሽንት ብቻ ከሆነ ሳሙና አያስፈልግም፣ ለብ ባለ ውሃና ጥጥ ወይ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ዋይፕስ የግድ ከሆነ አልኮልና ሽታ የሌለው፣ ቂጡ ከተላጠ ግን ዋይፕሱ ይቆይ። አድርቁት፣ ከዛ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ቅባት ወፍራም አድርጋችሁ ለጥፉበት፣ ቆዳው እስከማይታይ፣ ዚንክ ከሌለ ቫዝሊን። በሚቀጥለው ስትቀይሩ የቀረውን ነጭ ቅባት ሁሉ ፈግፍጋችሁ ለማንሳት አትታገሉ፣ የቆሸሸውን ላይ ላዩን ብቻ ጥረጉና ከላዩ ድገሙ። በቀን ደጋግማችሁ ያለ ዳይፐር ፎጣ ላይ አስተኙት፣ ይሸናል፣ ይሽና።

ዳይፐር ውድ ስለሆነ ብዙ ሰው አንዱን ከጠዋት እስከ ማታ ያስቆያል፣ አይፈረድም፣ ግን እንደዛ ከሚሆን ቀን ቀን ጨርቅ፣ ማታና መንገድ ላይ ዳይፐር ማድረግ ለልጁም ለኪስም ይሻላል። ጨርቅ ላይ ችግሩ ኦሞው በደንብ አለመልቀቁ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ሦስቴ አለቅልቁ ማለት ቀልድ ነው፣ ስለዚ ከመነሻው ኦሞውን ግማሽ አድርጉት፣ አረፋ ስለበዛ አይደለም የሚነፃው፣ ቀድማችሁ ነክራችሁ ካካውን ብታስለቅቁ ይበልጣል። ከዛ ፀሐይ ላይ ስጡ። ከላዩ የሚታሰር ላስቲክ ግን ሙቀትና እርጥበቱን ስለሚያፍን ሽፍታው እስኪድን ይቅር።

ፓውደር ተዉት። የድሮ እናቶች ያለ ፓውደር ልጅ አላሳደጉም አውቃለሁ፣ ግን ብናኙ ልጁ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ከሽንት ጋ ደሞ ተጋግሮ እጥፋት ውስጥ ይፈትጋል። ታልክ ያለበት ላይ ከሆነ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ራሱ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ መሸጡን አቁሟል፣ በ2024 ደሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ታልክን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው ነገሮች ውስጥ ከፍ ወዳለው ደረጃ አስገብቶታል። ቅቤም በተላጠ ቂጥ ላይ አይደረግም፣ አናት ላይ ሲያደርጉት ሌላ ጉዳይ ነው።

አራስ ልጅ አንገትና ጀርባ ላይ የሚወጣው ድቅቅ ያለ ሽፍታ ብዙ ጊዜ የሙቀት ሽፍታ ነው። ልጁ እንዳይበርደው ሹራብ፣ ከላዩ ብርድ ልብስ፣ ከላዩ ጋቢ፣ መስኮት ዝግ፣ ጠያቂ ቤት ሞልቷል፣ ላቡ የሚወጣበት ቀዳዳ ተደፍኖ ነው። እጅና እግሩ ቀዘቀዘ ብላችሁ አትደርርቡ፣ ማጅራቱን ንኩ፣ ካላበው በዝቶበታል። እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ድርብ ጨምሩለት ይበቃዋል። እና ተጠንቀቁ፣ ለመላላጥ ምርጥ ነው ያልኩት ቫዝሊን እዚህ ጋ አይሆንም፣ ቀዳዳውን ይባስ ይደፍነዋል። ማቀዝቀዝ፣ ማራቆት፣ ምንም አለመቀባት። አገጩ ስር ወተት እየፈሰሰ የሚላጥበት ደሞ ከጡት በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ነው ሌላ የለውም።

ብብት፣ ጡት ስር፣ ሞዴስ

ሎሚ ብብት ላይ ማሸት ጠረን ያጠፋል ይባላል፣ ትንሽ ይቀንሳልም፣ ግን የተላጨ ወይ የተላላጠ ቆዳ ላይ አሲዱ ያቃጥላል፣ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ደሞ ውሃ የሚቋጥርና ለወራት ጥቁር ምልክት የሚተው ቃጠሎ ያመጣል። እጃችሁ ላይ ሎሚ ጨምቃችሁ ፀሐይ ላይ ከወጣችሁም ያው ነው። ብብት የምትላጩ ፀጉሩን አርጥባችሁ፣ ስለታም በሆነ አዲስ ምላጭ፣ ፀጉሩ በበቀለበት አቅጣጫ፣ ዲዮድራንቱ በማግስቱ። ብብት የሚለበልበው ሰው መጀመሪያ ዲዮድራንቱን ለሁለት ሳምንት አቁሞ ይየው፣ አብዛኛው ጊዜ ሽቶው ነው።

ጡት ስር የሚላላጥባት ሴት ማታ ብራውን አውልቃ፣ ጡቷን ከፍ አድርጋ አጥባ አድርቃ፣ ንፁህ ስስ የጥጥ ጨርቅ እጥፋቱ ውስጥ አስገብታ ትተኛ፣ ጨርቁ ሲርስ ይቀየራል። ሆድ እጥፋት ላይም ይሄው ነው። የሞዴስ ሽፍታ ካላችሁ በየ4 ሰዓቱ ገደማ መቀየር፣ ሽታ ያለውን አይነት መተው፣ ብራንድ ቀይሮ ማየት፣ የሚታጠብ ጨርቅ የምትጠቀሙ ከሆነ ፀሐይ ላይ ማስጣት እንጂ አልጋ ስር ደብቆ ማድረቅ አይሆንም። የብልትን ውስጥ በሳሙና መታጠብ ምንም አይጠቅምም፣ ያደርቃል ያስቆጣል።

አንገት ዙሪያና ብብት ላይ ከፋይ ጨርቅ የመሰለ ጥቁረት የሚወጣባቸው ሰዎች ደሞ እድፍ መስሏቸው በድንጋይ ሲፈትጉ ይውላሉ። እድፍ አይደለም፣ አብዛኛው ጊዜ ሰውነት ኢንሱሊን በደንብ እንዳልተጠቀመ ምልክት ነው፣ በፈተጉት ቁጥር ይጠቁራል። ስኳር መለካትና ክብደት ላይ መስራት ነው መፍትሄው።

እናትና አባት ሲያረጁ

የሽማግሌ ቆዳ ስስና ደረቅ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ከህዳር እስከ ጥር አየሩ ራሱ ቆዳ ያደርቃል፣ በዛ ላይ በፈላ ውሃ መታጠብ ይወዳሉ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ሳሙና ብብትና ብሽሽት ብቻ፣ ከታጠቡ በኋላ ቆዳው እርጥበት እያለው ቫዝሊን ወይ ሽታ የሌለው ቅባት፣ እግራቸው መዳፍ ላይ ቀብታችሁ ግን ባዶ እግራቸውን አታስኬዱ ይወድቃሉ።

ሽንት ለማይቋጥሩት የህፃኑ ደንብ ይሰራል፣ ቶሎ መቀየር፣ ጫን እያሉ ማድረቅ፣ ዚንክ። አፍረው ላይነግሯችሁ ይችላሉና "ልይዎት" ከማለት "እማዬ ልቀይርልሽ" ብሎ በየሰዓቱ መጀመር ይሻላል። አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ አለ፣ የመኝታ ቁስል። እሱ የሚወጣው አጥንት ባለበት ነው፣ ከወገብ በታች ጭራ አጥንት ላይ፣ ዳሌ ጎን፣ ተረከዝ። በጣታችሁ ተጫኑትና ስትለቁ ቀለሙ ካልተቀየረ፣ ወይ ከዙሪያው የሞቀ፣ የጠጠረ ከሆነ መላላጥ አይደለም፣ ከውስጥ እየተጎዳ ያለ ስጋ ነው። ጎን በየ2 ሰዓቱ ማዘዋወር፣ ሲያዘዋውሩ በአንሶላ አንስቶ እንጂ ጎትቶ አለመሆን፣ ተረከዙ አልጋውን እንዳይነካ ባቱ ስር ትራስ፣ ቦታውን አለማሸት። መሃሉ ክፍት የሆነው ክብ ትራስ ጥሩ ይመስላል ግን ዙሪያውን ደም ያፍናል። ከተከፈተ ቤት አይታከምም፣ ነርስ ወይ ሐኪም ይየው።

መላላጥ ያልሆኑ

ማታ ማታ እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ፣ ጣት መሃል፣ አንጓ፣ ወገብ፣ ቤት ውስጥ ሌላም ሰው የሚያክ ካለ እከክ ነው፣ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ካልታከመ አይለቅም። በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት የዞረ፣ ከሽፍታው በፊት የሚያቃጥል ህመም ያለው ውሃ ቋጣሪ አልማዝ ባለጭራ ነው፣ በተለይ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው መድሃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው ደህና የሚሰራው፣ ስለዚ ቅባት እየሞከራችሁ ሦስት ቀን አታባክኑ። ነጣ ያለና ሲነካ የማይሰማ፣ የደነዘዘ ቦታ ካለ ደሞ ማሳከኩ የለም ብላችሁ አትተዉት፣ የሥጋ ደዌ ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ህክምናው ነፃ ነው፣ ቶሎ ከተጀመረ ይድናል።

በዛው ቀን መሄድ የሚያስፈልገው መግል ሲኖረው፣ ሲያብጥና ሲሞቅ፣ ትኩሳት ሲጨመርበት፣ በሰዓታት ውስጥ ሲሰፋ፣ ስኳር ያለበት ሰው እግር ላይ ሲሆን፣ ከሦስት ወር በታች የሆነ ህፃን ትኩሳት ወይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ሲኖረው ነው። ትኩሳት ያለው ሰው ላይ ብርጭቆ ሲጫኑበት የማይጠፋ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ካያችሁ ደሞ ማታም ቢሆን ድንገተኛ ነው፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ እጅና እግር መዳፍ፣ የዓይን ቆብ ውስጥ ፈልጉት። ሌላው፣ ቤት ውስጥ በደንብ ተይዞ በሳምንት ያልተሻለው፣ ጤና ጣቢያ ይታይ፣ ከዛ ወደ ቆዳ ሐኪም ይልካሉ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ አለርት ሆስፒታልን ለቆዳ ታውቁታላችሁ።

ስትሄዱ የቀባችሁትን ቱቦ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ የጎረቤቱንም፣ ከሱቅ የተገዛውንም፣ ማቅያውንም ሳትደብቁ። ሲጀምር ምን እንደሚመስል ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት፣ ቀጠሮው እስኪደርስ መልኩ ይቀየራልና። የት እንደወጣ ደሞ በግልፅ ተናገሩ፣ ሐኪሙ በቀን ስንት ብሽሽት እንደሚያይ ብታውቁ አታፍሩም ነበር።